ዋልካው፣ የጤፉ አበባና «ችግር ፈቺ ጥናት»

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ክረምት መግባቱን የሚናገረው ዝናቡ ብቻ አይደለም። በርም ይናገራል። ጎረቤቴ ሜዳው ጫፍ ላይ የሠራው ቤት አለው። ሐምሌ ሲገባ የግቢው በር አልዘጋ ይለዋል። በሩ ላሜራ ስለሆነ «እንጨቱ አብጦ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ብየዳ ቤት ሄዶ ሰው ይጠራል፣ ጠርዙን በግራይንደር ያስበላዋል፣ በሩ ይዘጋል። ጥር ላይ ደግሞ ያው በር ድመት የሚያሾልክ ክፍተት ይከፍታል። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በዚህ አያያዝ በሩ ማለቁ ነው።

ጥፋቱ ግን የበሩ አይደለም። ቋሚዎቹ የቆሙበት መሬት ነው የሚነሳና የሚወርደው። ከአቃቂ እስከ ቂሊንጦ፣ ከዚያም ወደ ዱከም ሲወርዱ የሚታየው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። መረሬ የሚሉትም አሉ። ክረምት ላይ ጫማ ይነጥቃል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ከሰፈራችን ሰው ዋልካን የማይሳደብ የለም። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋልካ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መበስበስ የመጣ የሸክላ አፈር ነው። ውስጡ ስሜክታይት የሚባሉ ማዕድናት አሉ። እጅግ ቀጫጭን ንጣፎች ናቸው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ። ውሃ በገጾቹ መሃል ይገባና ይገፋቸዋል። መጽሐፉ ይወፍራል። ውሃው ሲወጣ ይከሳል። አንዱ ቅንጣት በዓይን አይታይም። ሜዳ ሙሉ ሲሆን ግን አጥር ያጣምማል፣ አስፋልት ይሰነጥቃል።

የሕንፃ ፎርማን ይሄን ሁሉ ሳያነብ መፍትሔውን ያውቀዋል። ዋልካውን ቆርጦ ያወጣል፣ ገረጋንቲ ይሞላል። «ስንት ሜትር ይቆረጥ?» ሲባል ነው ችግሩ የሚመጣው። ትንሽ ከተቆረጠ ቤቱ ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ ከተቆረጠ የባለቤቱ ብር ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። መልሱን የሚሰጠው የአፈሩ ናሙና ምን ያህል እንደሚያብጥ የሚለካ ላብራቶሪ ነው። አፈሩ ለምን እንደሚያብጥ የታወቀው ደግሞ አንድ ዘመን ላይ አንድ ሰው፣ ስለ ማንም በር ሳያስብ፣ የሸክላ ማዕድን ውስጡ ምን እንደሚመስል ለማየት ስለጓጓ ነው።

እዚህ ላይ ነው ልደርስበት የፈለግሁት ክርክር ያለው።

የምንኖርበት አካባቢ በአጋጣሚ የሳይንስና የሥራ መንደር ሆኗል። ቂሊንጦ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። እዚያው ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የተዘጋጀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ከቱሉ ዲምቱ በፈጣኑ መንገድ ትንሽ ሲነዳ ቢሾፍቱ ነው፤ የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያ ነው። በመሃል በመሃሉ ገና ያልተገነባበት የጤፍ ማሳ ይታያል። እና በየስብሰባው፣ በየምረቃው፣ በየባነሩ አንድ ሐረግ አይጠፋም፦ «ችግር ፈቺ ጥናት»።

ሐረጉን አልጠላውም። የሕዝብ ገንዘብ የሚበላ ጥናት ለሕዝብ ምን እንደጠቀመ መጠየቁ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄው የሚጠየቅበት ሰዓት ያሳስበኛል። ገና ርዕስ ሲመረጥ «ጥቅሙ ምንድን ነው?» ከተባለ፣ ጥቅማቸው ቀድሞ የሚታወቅ ጥናቶች ብቻ ያልፋሉ። ጥቅሙ ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላው ሠርቶ የጨረሰው ነው።

ጤፍን እንውሰድ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለን አይመስለኝም።

ለረጅም ዘመን ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር። ጤፍ ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ነው። አበባው እጅግ ትንሽ ነው፤ ወንዴውም ሴቴውም አንድ ላይ ተሸሽገው ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ተመራማሪው ሲደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ ይደረግ የነበረው ከገበሬው ዘር መካከል የተሻለውን መምረጥ ብቻ ነበር። የአንዱን ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር ማጋባት አይታሰብም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ታረቀ በርሄ አንድ ነገር አስተዋሉ። የጤፍ አበባ ይከፈታል። የሚከፈተው ግን ገና በማለዳ፣ ከንጋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ይዘጋል። በቃ ይሄው ነው ግኝቱ። ቢሮ በሚገባበት ሰዓት የሚመጣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ላያየው ይችላል።

አሁን ራሳችሁን በገምጋሚ ቦታ አስቀምጡ። አንድ ወጣት መጥቶ «የጤፍ አበባ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ላጠና ነው፣ በጀት ስጡኝ» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ሐቀኛ ልሁንና፣ ምናልባት እስቅ ነበር።

ከዚያች ማለዳ በኋላ ግን መንገዱ ተከፈተ። የአበባውን ወንዴ ክፍል በማይክሮስኮፕ እያዩ በመርፌ ጫፍ ማውጣት፣ የሌላውን የአበባ ዱቄት ማምጣት ተቻለ። ሥራው ዓይን ያወጣል። ቢሾፍቱ ላይ ያሉ ተመራማሪዎች ግን ያዙት። በጤፍ ዝርያዎች የኮድ ስም ውስጥ «ሲአር» የሚል ካያችሁ «ክሮስ» ማለት ነው፤ የተዳቀለ ነው።

ከሁሉ የታወቀው ቁንጮ ነው። ኮዱ ዲዜድ-ሲአር-387 ይባላል፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። እናትና አባቱ ሁለት የቆዩ ዝርያዎች ናቸው። አንዱ ዱከም የሚባለው፣ ብዙ ምርት የሚሰጥ ግን ንጣቱ የማያረካ። ሌላው ማኛ፣ ነጭ ግን ምርቱ ያነሰ። እዚህ ላይ አንድ የሚጣፍጥ ነገር አለ። ዱከምን ያወጡት ባለሙያዎች በምርት ረገድ ሥራቸውን በሚገባ ሠርተው ነበር። ገበሬው ግን ገበያ ወስዶ ሲሸጠው ነጩ ጤፍ የሚያወጣውን ዋጋ አላወጣለትም። ስለዚህ ገፍቶ አልያዘውም። ቁንጮ የተወለደው ሳይንቲስቶቹ የገበያውን ወሬ ስለሰሙ ነው። ቀጥሎም ዘሩ በመጋዘን አልተቀመጠም። ገበሬዎች ራሳቸው ማሳቸው ላይ አይተው መረጡት፤ ዘር ወስደው ሲያመርቱ ዘሩን እንዲመልሱ፣ የተመለሰውም ለሌላ ገበሬ እንዲዞር ተደረገ። ቁንጮ በአገሩ የተሰራጨው እንዲህ እጅ በእጅ ነው።

ከአበባው እስከ ቁንጮ 32 ዓመት ነው። በመሃል መንግሥት ተቀይሯል። «በዚህ በጀት ዓመት ውጤቱን አሳየን» ቢባል ኖሮ አበባው ተዘግቶ ይቀር ነበር።

ሁሉም ታሪክ ግን እንደ ቁንጮ አላለቀም። እንዶድን አስታውሱ።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ እያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፉት ትሎች በውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣ ላይ ነው የሚያድጉት። አክሊሉ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አዩ። እንዶድ በየቤቱ የምናውቀው ሳሙና ነው። ስንት ሰው አጠገቡ አልፏል! እሳቸው ቆመው ጠየቁ። ቀጥሎ የመጣው ረጅም የላብራቶሪና የመስክ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የተሻሉ የእንዶድ ዓይነቶችን በመምረጥ ደከሙ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ሽልማቱ መጣ፣ ምርቱ ግን አልመጣም። በየወረዳው ጤና ጣቢያ «የእንዶድ ዱቄት» የሚል ፓኬት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ዓለም አቀፍ ተቋማት የመርዛማነት ፍተሻው በታወቁ፣ ደረጃቸው በተረጋገጠ ላብራቶሪዎች እንደገና ይሠራ አሉ። እንዲህ ያለ ላብራቶሪ እኛ ዘንድ አልነበረም። ውጭ ለማሠራት ደግሞ ገንዘቡ ከባድ ነው። ፓተንትም ቢሆን በጊዜው ሕጉ ራሱ አልነበረንም፤ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123 የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። በመሃል አሜሪካ ውስጥ ያለ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቱቦ የሚደፍኑ ዛጎለ ለበስ እንስሳትን እንደሚገድል አወቀና በዚያ ላይ ፓተንት ጠየቀ። ነገሩ ብዙ አነጋግሯል። እኔን የሚያንገበግበኝ ፓተንቱ ሳይሆን ሌላ ነው። እኛ ጋ ግኝት ነበር፣ ሊቅ ነበር፣ ተክሉም ነበር። የጎደለው መሃሉ ነው። ፈታሽ ላብራቶሪ፣ አምራች፣ የሕግ ሰው፣ ሻጭ።

«ታዲያ ድሃ አገር መሠረታዊ ምርምር ምን ያደርግላታል? ሀብታሞቹ ያጥኑ፣ እኛ ውጤቱን እንግዛ» የሚል አለ። ጓደኞቼ መካከልም አለ። ለስልክ፣ ለመኪና፣ ለኤምአርአይ ልክ ነው። የኤሌክትሮንን ባሕርይ እንደገና ለማግኘት አንከስርም። ግን የጤፍን አበባ ማን ሊያይልን ነው? ጤፍ ለአውሮፓ ወይም ለአሜሪካ የዕለት እንጀራ አይደለም። ስንዴና በቆሎ ስንት ሺህ ተመራማሪ አላቸው። የእኛን እህል፣ የእኛን አፈር፣ የእኛን ውሃ የሚመለከተው መሠረታዊ ጥያቄ እኛ ካልጠየቅነው ማንም አይጠይቀውም። ቴክኖሎጂ ይገዛል። ይሄኛው የሚሸጥበት ሱቅ የለም።

ወደ ዋልካው ልመለስ፣ እሱም የራሱ ታሪክ አለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋልካ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል ይባላል። አብዛኛው ደጋ ላይ ነው። አፈሩ ለም ነው። ችግሩ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሥር ያፍናል፣ ስለዚህ ብዙ ገበሬ ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ ነሐሴ መጨረሻ ይዘራል። ዋናው የዝናብ ወቅት ባክኖ ያልፋል። ሰሜን ሸዋ ኢነዋሪ ላይ ግን ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። በእጅ፣ ከቤተሰብ ጋር እየተረባረቡ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ ውሃው በመደቦቹ መሃል ባለው ቦይ ይወርዳል። በ1980ዎቹ (በፈረንጅ) አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የአገር ውስጥ ተባባሪዎቹ ይሄን አይተው ሁለት ማረሻ አጣመሩ። በሬዎቹ ሲጎትቱት 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ከባድ የእጅ ሥራ ቀለለ፣ በጊዜ መዝራትም ተቻለ።

እንደ ታሰበው ግን በአንድ ጊዜ አልተዛመተም። መሣሪያው ለበሬዎቹ ይከብዳል ተባለ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ከማሳህ የወጣው ውሃ የት ይሄዳል የሚለው ነው። ጎረቤት ማሳ! ቦዩ ብቻውን ጠብ ይወልዳል። ሰፈሩ ተስማምቶ አንድ መፋሰሻ ካልቆፈረ አይሆንም። የአፈሩ ፊዚክስ ገብቶን፣ ብረቱም ተሠርቶ፣ የጎረቤት ጉዳይ ግን ኋላ መጣ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጫፍ እንይ። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። ዳርና ዳራቸው ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን ይበቅላል። ወንዙ የቆዳ ፋብሪካም የከተማውም ፍሳሽ ይገባበታል። አትክልቱ ውስጥ ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች እንዳሉ የሚለኩ ጥናቶች ከሃያ ዓመት በላይ ሲወጡ ኖረዋል። «ችግር ፈቺ» የሚለውን መስፈርት በሚገባ ያልፋሉ። ግን ይለካሉ፣ «ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው» ይላሉ፣ ያልቃሉ። ሌላው መጥቶ ደግሞ ይለካል። ጎመኑም በማግሥቱ ገበያ ይወጣል።

እዚህ የጎደለው መሠረታዊው ነው። ቅጠላ ቅጠል ከፍሬ አትክልት ይበልጥ ብረት ይስባል። ዋልካ ደግሞ ብረቶቹን አጥብቆ የመያዝ አቅሙ ከአሸዋማ አፈር ይሻላል፤ አሲድ ሲበዛበት ነው የሚለቃቸው። የተሳደብነው አፈር እዚህ ላይ ጠበቃችን ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ጥያቄ «ብረት አለ ወይ?» አይደለም። እንዳለ አውቀናል። የትኛው ማሳ ላይ፣ በምን ዓይነት አፈር፣ የትኛው ሰብል ብረቱን ትቶ ይበቅላል የሚለው ነው። ለገበሬው «አትዝራ» ከማለት «እዚህ ቆስጣውን ተው፣ ይሄን ዝራ» ማለት ይሻላል። እንዲህ ለማለት ግን የሥርና የአፈር ኬሚስትሪ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ዓመት መቀመጥ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ጥናት ስብሰባ ላይ ሲቀርብ ችግር የሚፈታ አይመስልም።

ምጣዱም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ሲጋግር ቆጣሪ ይወርዳል። የሸክላው ውፍረት፣ ሙቀት የማስተላለፍ ባሕርይው፣ ከሥር የሚባክነው ሙቀት ላይ ስንት የማስተርስ ጽሑፍ ተጽፏል። ምጣድ የሚገጣጥመው ሰው ግን ቤተ መጻሕፍት አይገባም፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። ለመሐንዲሱ ዕድገት የሚያሰጠው በጆርናል ያወጣው ጽሑፍ እንጂ ስንት ምጣድ ተቀየረ የሚለው አይደለም። ከማንም ጋር አልተጣላሁም፣ ሰው የሚከፈልበትን ይሠራል።

የአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮቹ ከአገራዊ ምርታቸው 1 በመቶውን ለምርምር ያውሉ ብሎ ከተስማማ ቆይቷል። ጽሕፈት ቤቱ ያለባት አገር ራሷ እዚያ አልደረሰችም። ገንዘቡ ቢጨመርልን ደስ ይለኛል። ግን ምርጫው ለእኔ ቢሰጥ የመጀመሪያውን ብር ለመሃሉ ነበር የማውለው። አምስት ናሙና ምጣድን ወደ መቶ የሚያሳድግ አነስተኛ ወርክሾፕ። ደረጃው የተረጋገጠ የመርዛማነት ላብራቶሪ። ጽሑፉን አንብቦ ወደ ማሳው የሚሄድ፣ ከማሳው የሰማውን ደግሞ ለተመራማሪው የሚመልስ፣ ደመወዙም ለዚሁ የሚከፈለው ሰው። ሁለተኛውን ብር ማንም ለማይረዳቸው የማለዳ አበባ ተመልካቾች እሰጣለሁ፣ ሪፖርት ቶሎ ቶሎ ሳልጠይቃቸው። የቀረውን ሌላው ይከፋፈለው።

ባለፈው ጥቅምት ከሰፈራችን በታች ባለው ማሳ በኩል ሳልፍ ሁለት ተማሪዎች አፈር ሲዝቁ አየሁ። በፌስታል እያሠሩ በማርከር ቁጥር ይጽፉበታል። የማሳው ባለቤት፣ ጋቢ የለበሱ አዛውንት፣ ዳር ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ የጻፍከው ስልክህ ነው?» አሉ።

«አይ አባባ፣ የናሙናው ቁጥር ነው።»

«ውጤቱንስ ለማን ነው የምትነግረው?»

ልጁ ጓደኛውን አየ። «ለመመረቂያችን ነው አባባ። ሰኔ ላይ እናቀርባለን።»

«ሰኔማ ምን ያደርግልኛል፣ መሬቱ ታርሶ ያልቃል። ግንቦት አድርገው።»

ልጁ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም። ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ዘረጉለት። ማርከሩን ከፍቶ ስልኩን ጻፈላቸው።